ባዶዋ አልጋ

የመዝናኛ መርከብ ዋጋ የሚተመነው አንዱን ካቢን ሁለት ሰው ይይዘዋል ተብሎ ነው። ብቻውን የሚሄድ ብዙ ጊዜ የባዶዋን አልጋ ሒሳብ ጭምር ይከፍላል፤ አንዳንዴ እጥፍ ድረስ። የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ያጡ አዛውንቶችን ሳስብ ይህ ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረችው «ኖርዌጂያን ኤፒክ» የተባለች መርከብ ለብቸኛ ተጓዦች 128 ትንንሽ ካቢኖች ይዛ መምጣቷን የምወድላት ለዚህ ነው።

ሌላው መንገድ ከማያውቁት ሰው ጋር መዳበል ነው። ወጪው ይቀላል። ግን አልጋዎቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ ማንኮራፋት አለ፣ የመታጠቢያ ቤት ወረፋ አለ፣ ሌሊት የሚበራ መብራት አለ። እኔ ብሆን መዳበሉን እመርጣለሁ። ከመሳፈሬ በፊት ግን ደውዬ «ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ማዕበል ተነሥቶ ግድግዳው ሲንቋቋ፣ ከጨለማው ውስጥ «አይዞህ፣ እኔም አልተኛሁም» የሚል ድምፅ ብሰማ ደስ ይለኛል።