መምህሩ በማይኖርባቸው ወራት፦ የልጅ ትምህርት እንዳይቋረጥ ምን እናድርግ?



ስለ መምህራን ሥልጠና፣ ስለ መጻሕፍት አቅርቦትና ስለ ሥርዓተ ትምህርት በየጉባኤው ብዙ እንነጋገራለን። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከእነዚህ ያነሰ ይመስላል። አንድ መምህር ወይም አንዲት መምህርት ለወራት ከክፍል ሲርቁ፣ በዚያ ክፍል የቀሩት ልጆች ምን ይሆናሉ? ወላጅ፣ ትምህርት ቤትና ተመልሶ የሚመጣው መምህር ምን ሊያደርጉላቸው ይችላሉ?

በቅድሚያ ጉዳዩን ከሚመስለው ጉዳይ ልለየው። የመምህራን መቅረት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የዕለት ተዕለት መቅረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመና ባንግላዴሽን፣ ኢኳዶርን፣ ሕንድን፣ ኢንዶኔዥያን፣ ፔሩንና ዩጋንዳን ያካተተ የታወቀ ጥናት፣ ያለ ማስታወቂያ በተደረጉ ጉብኝቶች በአማካይ 19 በመቶ የሚሆኑት መምህራን በትምህርት ቤታቸው እንዳልተገኙ አሳይቷል። ያ የቁጥጥርና የአስተዳደር ጥያቄ ነው። የእኔ ርእስ ግን ረጅሙ መለየት ነው፤ ሕመም፣ ወሊድ፣ ተተኪ ያልተገኘለት ዝውውር። የወሊድ ፈቃድን ብቻ ብንወስድ፣ በአገራችን ሕግ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ በድምሩ አራት ወር ያህል ነው። ይህ ከአንድ መንፈቀ ዓመት ብዙ አያንስም። ፈቃዱ መብት ነው፤ ሊሸራረፍ አይገባውም። ደግሞም ከወራት በፊት የሚታወቅ ነው። አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር በመጣ ቁጥር ድንገተኛ የሚሆንብን ከሆነ፣ ጉድለቱ የመምህርቷ ሳይሆን የዝግጅታችን ነው።

ጉዳዩ በታችኛው እርከን ይበልጥ ይከብዳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ወይም አብዛኛውን የትምህርት ዓይነት የሚያስተምርበት አሠራር በብዙ ትምህርት ቤቶች ሠርቷል። አሠራሩ በጎ ጎን አለው፤ ልጁን በቅርብ የሚያውቀው አንድ ሰው ይኖራል። ይሁንና ያ ሰው ሲርቅ ቋንቋውም ሒሳቡም አካባቢ ሳይንሱም አብረው ይርቃሉ። ከሁሉ በላይ የሚርቀው ግን በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ ዕውቀት ነው፦ የትኛው ልጅ ፊደል እንደሚያቀያይር፣ የትኛዋ ልጅ እያወቀች ለመናገር እንደምታፍር፣ የትኛው መደመር ችሎ መቀነስ ላይ እንደቆመ። የትምህርቱ ይዘት በመማሪያው መጽሐፍ ውስጥ ይቀራል፤ ስለ ልጁ ያለው ዕውቀት ግን ከመምህሩ ጋር ይሄዳል።

በእነዚያ ወራት በልጁ አእምሮ ውስጥ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ አዲስ የተጠና ነገር ካልተደገመ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ፣ በየጊዜው ሲደገም ግን እየጸና እንደሚሄድ አሳይቷል። ይህን ወደ ፊደል ገበታችን እናምጣው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቅርጽ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። የ1ኛ ክፍል ልጅ ገበታውን በመጀመሪያ የሚይዘው በዜማ ነው፤ «ለ፣ ሉ፣ ሊ» እያለ በተራ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ መምህሩ ጣቱን ከተራው ውጪ በአንዱ ፊደል ላይ ያሳርፍና «ይህ ማን ነው?» ይላል። ንባብ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። መምህሩ በዚህ መካከል ከተለየ፣ ልጁ ዜማውን ይዞ ይቀራል፤ ፊደሉን ግን ከዜማው ነጥሎ መለየት ይሳነዋል። የሚሰማው ሰው «ልጄ ፊደል ቆጥሯል» ብሎ ይደሰታል። ክፍተቱ የሚታወቀው ዘግይቶ፣ ልጁ ቃል ማንበብ ሲያቅተው ነው።

እስካሁን ያልኩት ጉዳቱ በመለየቱ ወራት የሚደርስ ያስመስላል። ዋናው ሐሳቤ ግን ሌላ ነው፤ ማስረጃውም ከፓኪስታን ይመጣል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 2005 በሰሜን ፓኪስታን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ትምህርት ቤቶች በአማካይ ለ14 ሳምንታት ያህል ተዘጉ። ተመራማሪዎች ከአራት ዓመታት በኋላ ልጆቹን ሲመዝኑ፣ ለስንጥቁ መሥመር ቅርብ የነበሩት ልጆች በውጤት ከሌሎቹ ወደ አንድ ዓመት ተኩል የሚጠጋ ትምህርት ወደ ኋላ ቀርተው አገኟቸው። ትምህርቱ የተቋረጠው ለጥቂት ወራት ነበር፤ ጉድለቱ ግን ከተዘጋው ጊዜ እጅግ በለጠ። ለዚህ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች ጠንካራው ይህ ነው፦ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ትምህርቱ የቀጠለው ልጁ ካለበት ሳይሆን መርሐ ግብሩ ከደረሰበት ነበር። ያልገባው ልጅ በየሳምንቱ ሌላ ያልገባው ነገር ተጨመረበት። ስለዚህ ክፍተቱ በመለየት ይጀምራል፤ የሚሰፋው ግን በአመላለስ ነው እላለሁ።

ያው ጥናት ሁለተኛ ቁም ነገር አለው። እናታቸው ቢያንስ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቀች ልጆች ይህ ጉድለት አልታየባቸውም። እነዚህ እናቶች የሠለጠኑ መምህራን አልነበሩም። ይህ የሚነግረን በቤት ውስጥ የሚደረገው ጥቂት ነገር የሚናቅ እንዳልሆነ ነው።

እኛም የራሳችን ተሞክሮ አለን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች እስከ 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከክፍል ርቀው ቆዩ። ትምህርት በሬድዮና በቴሌቪዥን እንዲተላለፍ ተደረገ፤ መብራትና መቀበያ በሌለበት ቤት ግን ሊደርስ አልቻለም። የያኔው ጥረት ያተኮረው ትምህርቱን ማስተላለፉ ላይ ነበር። ልጁ የሰማውን ማን ይጠይቀው? ሲሳሳት ማን ያርመው? እነዚህን ጥያቄዎች ሬድዮ ብቻውን አይመልስም።

ለእነዚህ ጥያቄዎች የቆየ መልስ ያለው በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ነው። በፊደልና በንባብ ጉባኤ እያንዳንዱ ተማሪ በየራሱ ቦታ ነው፤ አንዱ ገና ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል። የቀደመው ለተከታዩ ያስጠናል፤ የኔታ ደግሞ እያንዳንዱን በተራው ይሰሙታል። በቁርዓን ትምህርት ቤቶችም ታላላቆቹ ታናናሾቹን በሰሌዳቸው ላይ ያስቀጥላሉ። በዚህ ሥርዓት መምህሩ ለጊዜው ቢርቅ ጉባኤው ወዲያውኑ አይበተንም። ሥርዓቱን ለማወደስ ብቻ አላነሣሁትም፤ ቅጣቱንና ቃል በቃል ሸምዳጅነቱን እናውቃለን። ሁለት ነገር ግን ልንወርስ ይገባናል፦ ተማሪ ለተማሪ ማስጠናቱንና እያንዳንዱን ልጅ ከደረሰበት ማስቀጠሉን።

ወደ ተግባር ልምጣ፤ ከቤት እጀምራለሁ። ወላጅ የመምህሩን ሥራ ሊተካ አይጠበቅበትም፤ አዲስ ምዕራፍ ለመጀመርም አይቸኩል። የእርሱ ድርሻ የተያዘው እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው። ለዚህም በየቀኑ የማይለወጥ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢሆን፣ ይበቃል። ልጁ ቀድሞ የተማረውን ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ማንበብ የማይችሉ እናት ወይም አያትም ሥራ አላቸው፦ «ምን ይላል? እስኪ በራስህ አነጋገር ንገረኝ» ማለት። ልጁ ያልገባውን ሊያስረዳ አይችልምና፣ ይህ ጥያቄ ብቻውን መመዘኛ ነው። ፊደሉን ከታች ወደ ላይ፣ ከመካከል ወደ ዳር ይጠየቅ። ሒሳቡ በሱቅና በገበያ ይለማመድ፦ ከ50 ብር ላይ 35 ብር ቢወጣ መልሱ ስንት ነው? ታላቅ እኅት ወይም የጎረቤት የ6ኛ ክፍል ተማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ብታስጠናው፣ ለእርሱም ለእርሷም ይጠቅማል።

ትምህርት ቤት በበኩሉ በተለምዶ የሚወስደው መፍትሔ ሁለቱን ክፍል ማቀላቀል ነው። መምህር በማይገኝበት ቦታ ርእሰ መምህሩ ሌላ ምርጫ ላይኖረው ይችላል። ሆኖም በ60 ልጅ ላይ ሌላ 60 ሲጨመር፣ የሚቀረው ልጆችን በአንድ ጣራ ሥር ማቆየት ብቻ ነው። ከዚህ የተሻለ ሊረዳ የሚችለው እጅግ ርካሽ ነገር ነው፦ የርክክብ ወረቀት። መምህርቷ ከመውጣቷ በፊት በእያንዳንዱ ልጅ ስም አንጻር ሁለት መሥመር ትጻፍ፤ የሚችለው ምንድን ነው፣ የቆመውስ ምን ላይ ነው? ትምህርት ቤቱ ለንብረት ርክክብ ቅጽ አለው፤ የወንበሩና የሰሌዳው ቁጥር ተፈርሞበት ይተላለፋል። ስለ ልጆቹ የሚታወቀውም ቢያንስ በዚያው ጥንቃቄ ሊተላለፍ ይገባል። ወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረትም ጉዳዩን ገና በጠዋቱ ቢያውቅ፣ በሰፈሩ ያሉትን ጡረተኛ መምህራንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሊያስተባብር ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

የመጨረሻውና ከባዱ መመለሻው ነው። መምህሩ በተመለሰ ማግስት «ገጽ 74 ላይ መሆን ነበረብን» የሚል ጫና ይጠብቀዋል። የሱፐርቫይዘሩ ጉብኝት፣ የዓመቱ ዕቅድና የሰኔ ፈተና ሁሉም በአንድ ድምፅ «ፍጠን» ይሉታል። እኔ የምጠይቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንዳይፈጥን ነው። እያንዳንዱን ልጅ ለጥቂት ደቂቃ ለብቻው ያስነብበው፤ ጥቂት ስሌት ያሠራው። ከዚያ በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ልጆቹን በዕድሜ ሳይሆን በደረሱበት ደረጃ በቡድን ከፍሎ ያስተምራቸው። ፕራታም የተባለው የሕንድ ድርጅት ይህን መንገድ ለዓመታት ተከትሏል፤ የንባብና የሒሳብ መሠረትን እንደሚያጠብቅም በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል።

«ታዲያ የዓመቱ መጽሐፍ ሳያልቅ ይቅር?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ መምህሩ የሚገመገመው በሸፈነው ምዕራፍ ነውና። ይሁን እንጂ መጽሐፉ አለቀ ማለት ልጁ ተማረ ማለት አይደለም። በታችኞቹ ክፍሎች ተማሪዎች ከክፍል ክፍል በቀላሉ ስለሚዛወሩ፣ በ2ኛ ክፍል ያልተሞላው ክፍተት በ5ኛ ክፍል ለማያውቀው መምህር ይተላለፋል። ስለዚህ ጥያቄው ለመምህሩ ብቻ ሳይሆን ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም ነው፦ ከረጅም ፈቃድ ለሚመለስ መምህር፣ ዕቅዱን እንደ ልጆቹ ደረጃ የመከለስ መብት በግልጽ ይሰጠው።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ትወጣላችሁ። አንዳንዶቻችሁ መምህሩ ወዳልተገኘበት ክፍል መላካችሁ አይቀርም። እዚያ ስትገቡ አዲስ ርእስ በሰሌዳው ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ልጆቹን አንድ በአንድ አስነብቧቸው፤ ያገኛችሁትንም ጽፋችሁ ለሚመለሰው መምህር አስረክቡ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉም እነሆ፦ በምታውቁት ወረዳ፣ መምህር ለወራት በተለየባቸው ክፍሎች የነበሩ ልጆች ከዓመት በኋላ የት ደረሱ?

 አሁን ጥያቄዎቻችሁንና በተለይም በክፍል ውስጥ ያላችሁ መምህራን ተቃውሟችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።