ስለ ሰፊው ሞኒተርና ስለ ግራፊክስ ካርዱ
(በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከጽሕፈት ቤቱ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ወጣቶች ክፍል ኮምፒውተር ነው። ነገሩ እንዲያው የልጆች ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን የወጣው ገንዘብ የእናንተ መዋጮ ነውና መስማት ይገባችኋል።

እንደምታስታውሱት ልጆቻችን ለጌም ብለው ሽሮ ሜዳ እየወረዱ ገንዘብ ከሚከፍሉ፣ እዚሁ ከዓይናችን ሥር ይጫወቱ ብለን ተስማማን። በዚሁ መሠረት ኮሚቴያችን ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛ፤ በተረፈው ገንዘብ ደግሞ ሰፊ ሞኒተር ጨመርን። ትልቅ ከሆነ ይሻላል አልን፣ ሌላ አልጠየቅንም። ሲከፈት እውነትም ያምራል። ጨዋታው ሲጀመር ግን ሥዕሉ እየቆመ እየዘለለ አስቸገረ። እኛም ክፍሉን የሚጠብቀውን ልጅ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ብለን ቁልፉን ወሰድንበት።

ተሳስተናል። ልጁ ያበላሸው ነገር የለም። ጥፋቱ የእኛ የገዢዎቹ ነው። እንዴት እንደ ሆነ እናስረዳ።

የሞኒተር ሥዕል የሚሠራው በጥቃቅን ነጥቦች ነው፤ ፒክስል ይሏቸዋል። ፉል ኤችዲ የሚባለው ሞኒተር ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ 2,073,600 ይሆናል። እኛ የገዛነው ሰፊው ደግሞ 3440 በ1440 ነው፤ ይህም 4,953,600 ነጥብ ማለት ነው። ከእጥፍ በላይ ሆነ እኮ! እነዚህን ነጥቦች የሚስለው በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ካርድ ነው። ጨዋታው ሳይቆራረጥ እንዲታይ ካርዱ ሁሉንም ነጥብ በአንድ ሰከንድ 60 ጊዜ ያህል እንደ አዲስ መሳል አለበት። የእኛ ካርድ ሚሞሪው 4 ጊጋባይት ነው፤ ለፉል ኤችዲ በመጠኑ ይበቃል፤ ለሰፊው ግን አቅም አጣ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ሸክም የሚታሰረው በተሸካሚው ጀርባ ልክ ነው።

ታዲያ መፍትሔውን ያገኘው ማን ነው? ያው ቁልፍ የነጠቅነው ልጅ ነው። በጨዋታው ማስተካከያ ገብቶ መጠኑን ወደ 2560 በ1080 ዝቅ አደረገው። ቅርጹ ከሰፊው ሞኒተር ጋር ስለሚቀራረብ ሥዕሉ አይለጠጥም፤ ነጥቡ ግን ወደ 2,764,800 ወረደ። ጥላና ጭስ የመሳሰለውንም ማስጌጫ ቀነሰ። ሥዕሉ ጥቂት ደብዘዝ ቢልም ጨዋታው አሁን ይሄዳል። አንድ ሳንቲም አልወጣበትም።

ለልጆቻችሁ ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ የሚከተለውን ያዙ፦

1ኛ/ ሞኒተሩ ስንት በስንት ነጥብ እንደ ሆነ ጠይቁ። የኢንች ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ ኢንች ስፋቱን እንጂ የካርዱን ሥራ አይነግራችሁም።

2ኛ/ ካርዱን በዚያው ልክ ምረጡ። ለፉል ኤችዲ በ2019 እንደ ወጣው ጂቲኤክስ 1650 ያለው ለመጠነኛ ጨዋታ ይሆናል። ለ3440 በ1440 ግን በ2021 እንደ ወጣው ባለ 12 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3060 ያለው ይሻላል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

3ኛ/ ስለ ፓወር ሳፕላዩ ጠይቁ። የመጀመሪያው ካርድ 75 ዋት፣ ሁለተኛው 170 ዋት ይፈልጋል። ለሁለተኛው ፋብሪካው የሚመክረው ባለ 550 ዋት ፓወር ሳፕላይ ነው። ካርዱን ብቻ ገዝቶ መመለስ ሌላ ወጪ ያመጣል።

4ኛ/ የሞኒተሩ ገመድ ካርዱ ላይ ባለው መሰኪያ ይሰካ። ከማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ካርዱ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል።

5ኛ/ ልጁ የሚጫወተው ጌም ሰፊ ሞኒተር መቀበሉን አጣሩ። አንዳንዱ ግራና ቀኙን ጥቁር አድርጎ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ ለስፋቱ የከፈላችሁት ከንቱ ነው።

እንግዲህ በፊታችን ሦስት መንገድ አለ። አሁን እንዳለው መቀጠል፣ ካርዱንና ፓወር ሳፕላዩን መለወጥ፣ ወይም ሰፊውን ሸጦ ፉል ኤችዲ መግዛት። ኮሚቴው የሚመክረው የመጀመሪያውን ነው፤ ካዝናውን ዳግመኛ ለጌም መክፈት አንፈልግም። ውሳኔው ግን የእናንተ ነው፤ እጅ እናወጣለን።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይቀረናል። ልጁን የወቀስነው በሰው ፊት ስለ ሆነ ይቅርታውንም የምንጠይቀው በሰው ፊት ነው። እናቱም እዚሁ ተቀምጠዋል፤ እማማ፣ እርስዎም ይቅር ይበሉን። ቁልፉ ይኸው፣ ልጃችን መጥቶ ይረከበን። ከእንግዲህ የወጣቶች ክፍል ዕቃ ሲገዛ እርሱ ከኮሚቴው ጋር አብሮ ይሄዳል።



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት