ዓሣን መብላት በብልኃት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የመረጥነው ርእስ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ በሣርና በፊላ መካከል ለሚመገብ ዓሣ ማባበያ እንዴት ይመረጣል የሚል ነው። የነፋስ ስልክ ልጅ ስለ ዓሣ ምን ያውቃል የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ሰፈራችን ስሟን ያገኘችው ሽቦ ከሌለው የቴሌግራፍ ጣቢያ እንጂ ከሐይቅ አይደለም። በአጠገባችን የሚወርደው ትንሹ አቃቂም ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት በሚለቀቅ ቆሻሻ ስለተበከለ መንጠቆ የሚጣልበት ውኃ አይደለም። ነገር ግን ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ብንጓዝ ከዝዋይ ሐይቅ እንደርሳለን።

ዝዋይ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ ከሁለት ሜትር ተኩል ብዙም አይበልጥም። ፀሐይ በቀላሉ የምታሞቀው ዳርቻው በፊላ፣ በደንገልና በውኃ ሣር የተሸፈነ ነው። በዚያ ሣር ውስጥ ትላትል፣ ነፍሳትና ጥቃቅን ዕፀዋት ይበዛሉ፤ ዓሣውም እነዚህን ፍለጋ ወደ ዳር ይወጣል። እንግዲህ ከሣሩ አጠገብ የሚቆም ዓሣ አጥማጅ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «እኔ ምን ይዣለሁ?» ብሎ ሳይሆን «እርሱ ምን ይበላል?» ብሎ ነው።

መጀመሪያ ቆሮሶን እንመልከት። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚኖረው በውኃ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ዕፀዋት ነው። አንጀቱ ከሰውነቱ ብዙ ጊዜ የሚረዝመውም ዕፀዋትን ለመፍጨት ረጅም መንገድ ስለሚያስፈልግ ነው። ለእንዲህ ያለው ዓሣ የሚያብለጨልጭ ብረት መጣል ለበሬ ሥጋ እንደ ማቅረብ ይቆጠራል። ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክር፣ በጫፉም ጥቂት ሊጥ ወይም የምድር ትል ይበቃዋል። አፉ ትንሽ ስለሆነ ትልቅ መንጠቆ አይውጥም።

አምባዛ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ብዙውን ጊዜ የሚመገበው በሌሊት ነው፤ በድፍርስ ውኃ ውስጥ ምግቡን የሚያገኘው በዓይኑ ሳይሆን በአፉ ዙሪያ ባሉት ረጃጅም ጢሞቹና በማሽተት ነው። ስለዚህ ለአምባዛ መልክ ሳይሆን ሽታ ያስፈልጋል፤ የዓሣ ሆድ ዕቃ ወይም ቁራጭ ሥጋ በታች እንዲያርፍ አድርጎ መጣል ነው።

ሦስተኛው ምሳሌያችን በጣና ሐይቅ የሚገኙት ነጭ ዓሦች ናቸው። እነዚህ በሌላ አገር የማይገኙ አሥራ አምስት የሚያህሉ ዝርያዎች ሲሆኑ፣ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳድደው ይበላሉ። በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው አዳኝ መሆናቸው የዓለምን ሊቃውንት ያስደነቀ ነው። ለእነርሱ እንደ ትንሽ ዓሣ የሚወዛወዝና የሚያብለጨልጭ የብረት ማባበያ ተገቢ ይሆናል።

በባሕር ማዶም ነገሩ ያው ነው። በአሜሪካ ደቡብ ጠረፍ የሚኖር ቀይ ዓሣ የሚባል አለ። በባሕር ዳር ሣር ውስጥ ራሱን አዘቅዝቆ ሸርጣንና ሽሪምፕ ሲፈልግ ጅራቱ ከውኃው በላይ ብቅ ይላል። የዚያ አገር አጥማጆች ሽሪምፕ ወይም ሸርጣን የሚመስል ለስላሳ ማባበያ ይሠሩና ሣሩ እንዳይዘው የመንጠቆውን ጫፍ በውስጡ ይሸሽጋሉ። ውኃው ጥሩ ሲሆን የተፈጥሮውን መልክ የሚመስለውን ይመርጣሉ፤ ውኃው ሲደፈርስ ደግሞ ድምፅ ወይም ንዝረት የሚሰጠውን ይመርጣሉ።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ደንብ እናወጣለን። አንደኛ የዓሣውን ምግብ ማወቅ፤ ሁለተኛ የውኃውን ጥራት መመልከት፤ ሦስተኛ መንጠቆውን ለአፉና ለሣሩ እንዲስማማ ማድረግ ነው። አባቶቻችን «ዓሣን መብላት በብልኃት» ያሉት ለአጥንቱ ብቻ አይመስለንም።

ክቡራን ሆይ! ይህን ሁሉ የተናገርነው ስለ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የሴቷ ቆሮሶ ጠባይ እጅግ የሚያስገርም ነው። እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታቅፋለች፤ ጫጩቶቿም ከተፈለፈሉ በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ። በዚያን ጊዜ ከመብላት ስለምትቆጠብ፣ መብል የተሰካበት መንጠቆ ብዙ ጊዜ አያገኛትም። በጥልቀት የለሽ ዳርቻ የተዘረጋ መረብ ግን እናትን ከሌላው አይለይም። ከአገራችን የዱሮ ልማድ አንዱ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውኃ መበተን ነው፤ ይህም ትልቁንና ትንሹን፣ የሚፈለገውንና የማይፈለገውን በአንድነት ያደነዝዛል፣ ይገድላልም። እንግዲህ ማባበያ የሚመርጥ ሰው ዓሣውንም ይመርጣል፤ መርዝ የሚበትን ሰው ግን የነገውን ዓሣ ጭምር ይጨርሳል።

ይህ ከንቱ ሥጋት አይደለም። በጣና ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች ክብደታቸው ሲመዘን በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ለመራባት በየወንዙ አፍ በሚሰበሰቡበት ወራት መረብ ስለሚዘረጋባቸው ነው። በመረብ የሚተዳደረውን ድኻ ዓሣ አጥማጅ መውቀስ አንሻም፤ ልጆቹን የሚያበላው እርሱ ነው። ነገር ግን ዓሣው በሚራባበት ወርና ስፍራ መረቡን ቢያነሣ፣ በሚመጣው ዓመት ተጠቃሚው ራሱ ይሆናል።

የተወደዳችሁ ታናናሾቻችን! የባዮሎጂን ትምህርት ለፈተና ብቻ አትማሩት። የዓሣን አንጀት ርዝመት የሚያውቅ ልጅ ለምን ሊጥ እንደሚሻል ያውቃል፤ ዓሣ እንዴት እንደሚራባ የሚያውቅም መቼ እጁን መሰብሰብ እንዳለበት ያውቃል። ወላጆቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን፤ ቆሻሻ ወደ አቃቂ እንዳይጣል ከእኛ ጋር ተባበሩ። የዛሬዎቹ የአንደኛ ክፍል ልጆች እኛ ባደግንበት ዕድሜ ሲደርሱ፣ ዓሣ ለማየት 160 ኪሎ ሜትር መሄድ ሳያስፈልጋቸው ከሰፈራቸው ወንዝ ዳር እንዲቆሙ ምኞታችን ነው።