መርፌው ይሻላል ወይስ እንክብሉ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



እኛ የዓይደር ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ ወደ ሆስፒታሉ የሚሄዱትን ሕመምተኞች በየማለዳው እናያለን። ከእነርሱም አንዷ አክስቴ ናት። የስኳር በሽታ ካደረባት ብዙ ዓመት ሆኗታል። ሐኪሙ «ከእንግዲህ እንክብሉ ብቻ አይበቃሽምና ኢንሱሊን በመርፌ ትጀምሪያለሽ» ባላት ቀን፣ «መርፌ የጀመሩት ጎረቤቶቼ ሁሉ ብዙ አልቆዩም፤ እኔም አበቃልኝ» ብላ አለቀሰች። እንዲህ የሚያስቡ ሰዎች በዚህ አዳራሽም ሳይኖሩ አይቀሩምና፣ ስለዚሁ ነገር ጥቂት ልናገር ወደድሁ።

ኢንሱሊን ቆሽት የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ነው። ሥራውም በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሰውነታችን ሕዋሳት ገብቶ ኃይል እንዲሆን ማድረግ ነው። የስኳር በሽታ ዋና ዋና ዓይነቶች ሁለት ናቸው። በአንደኛው ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ያቆማል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት ይጀምራል። በሁለተኛው ግን ኢንሱሊን እያለ ሰውነት በሚገባ አይታዘዝለትም፤ እያደርም ኢንሱሊኑ ራሱ ያንሳል።

ለአንደኛው ዓይነት ክርክር የለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ሊሞት የተቃረበ ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወጋ፤ ከዚያም በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ መርፌውን የሚተካ እንክብል እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ለሁለተኛው ዓይነት ግን ክርክሩ ብዙ ጊዜ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1977 የብሪታንያ ሐኪሞች ይህን ለመመርመር ተነሡ፤ በሽታው ገና የተገኘባቸውን 5,102 ሰዎችም መዘገቡ። ከዚያም አብዛኞቹን በዕጣ ከፋፍለው፣ ለአንዱ ወገን ኢንሱሊን፣ ለሌላው እንክብል፣ ለሌላው በመጀመሪያ የምግብ ምክር ብቻ ሰጡ።

በዕጣ መክፈላቸው ስለ ምን ነው? ሐኪም እንደ ልማዱ ቢመርጥ መርፌውን የሚሰጠው ሕመሙ ለጠናበት ሰው ነው። እንግዲህ ያ ሰው ቢሞት፣ ሕመሙ የገደለውን መርፌው ገደለው ይባላል። የአክስቴም ስሕተት ይኸው ነበር። ዕጣ ግን የጠናበትንና ያልጠናበትን በየወገኑ ያስተካክላል።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ታተመ። ስኳራቸውን በመድኃኒት አጥብቀው የተቆጣጠሩት፣ ኢንሱሊንም ቢወስዱ እንክብል፣ በዓይን፣ በኩላሊትና በመሳሰሉት ላይ የሚደርስባቸው ጉዳት ከሌሎቹ በ25 ከመቶ ያህል አነሰ። በመርፌውና በእንክብሉ መካከል ግን በዚህ ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እርግጥ ነው፣ ኢንሱሊን ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ አደጋው ይበልጣል። ውፍረት ላላቸው ደግሞ ሜትፎርሚን የሚባለው እንክብል በተለይ ጠቀመ። ዓመታት ባለፉ ቁጥርም ለብዙዎቹ አንድ መድኃኒት ብቻ እየተሳነው ሌላ መጨመር ግድ ሆነ። ስለዚህ ወደ መርፌ መሻገር የበሽታው ጠባይ እንጂ የሕመምተኛው ጥፋት አይደለም።

እኛ የመቀሌ ሰዎች ግን ከዚህ ሌላ፣ ማንም ሊማረው የማይመኘውን ትምህርት ተምረናል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ መድኃኒት እየጠፋ ሄደ፤ በዓይደር ሆስፒታልም ኢንሱሊን እስከ መታጣት ደረሰ። ሐኪሞቹ ችግሩን ለዓለም አሰሙ። በጥር 2014 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ አውሮፕላን ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መድኃኒት ይዞ መቀሌ አረፈ። እስከዚያው ግን ያልደረሰላቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ሰው የሚገድለው መርፌው ሳይሆን የመርፌው መታጣት መሆኑን በዓይናችን አየን።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ውኃ ጥም ቢበዛበት፣ ሽንት ቢያመላልሰው፣ ቢከሳም ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ጓደኞቼ ሆይ፣ ከመካከላችን መርፌ የሚወጋ ቢኖር አንሣቅበት፤ እንዲደበቅም አናድርገው። መድኃኒታችሁንም፣ እንክብልም ይሁን መርፌ፣ ያለ ሐኪም ምክር አትተዉ።

አክስቴ መርፌዋን ጀምራለች። ዛሬም እዚህ፣ ከወላጆች መካከል ተቀምጣ ትሰማኛለች።