ተራኪው ሲሰውር አንባቢው ምን ይላል? «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» በለንደንና በዲላ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ የወንጀል ምርመራ ልብወለድ ላይ አንባብያን ስለ ሰነዘሩት አስተያየት ነው። ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት አንድ ወዳጄ «እንዲህ ያለው መጽሐፍ እኮ አውቶቡስ ውስጥ የሚነበብ እንጂ አዳራሽ የሚያስከፍት አይደለም» አለኝ። አልተቀየምሁትም፤ እኔ ራሴ ከዚህ የከፋ ተናግሬ አውቃለሁና። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በሌላ ቦታ ሳስተምር፣ አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በአማርኛ የወንጀል ምርመራ ልብወለዶች ላይ ለመሥራት ፈቃዴን ጠየቀኝ። «ቁም ነገር ያለው ርእስ ይዘህ ና» ብዬ መለስሁት። ልጁ ሌላ ርእስ ይዞ መጣ፤ ጻፈ፤ ተመረቀ። ጽሑፉን ከዚያ ወዲህ እርሱም ሆነ እኔ መለስ ብለን ያየነው አይመስለኝም። የሚያሳፍረኝ ደግሞ በጉርምስናዬ የይልማ ሀብተየስን የወንጀል ምርመራ ልብወለዶች ደብተር ውስጥ ሸሽጌ ያነበብሁ ሰው መሆኔ ነው። እንደ ታዬ አሰፋ ያሉ ምሁር በዚሁ የአማርኛ ልብወለድ ዘርፍ ላይ ጥናት ማቅረባቸውንም አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው የከለከልሁት።

ስለዚህ የዛሬው ንግግር በከፊል የዘገየ ካሳ ነው።

የመረጥሁት መጽሐፍ የአጋታ ክሪስቲ «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ካላመለከትሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ በ1926 ታተመ። ቤልጅየማዊው መርማሪ ኤርኩል ፖይሮ በ1920 ተወልዶ በ1975 እስኪሞት ድረስ በ33 ልብወለዶች ተመላልሷል፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ፖይሮ «ሲሞት» የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በፊት ገጹ የሞት ዜናውን አውጥቶለታል። በሕይወት ኖሮ ለማያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ክብር አይደለም።

መጽሐፉን ያላነበባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ገዳዩን ሳልጠራ ስለ አንባብያኑ ክርክር መናገር አይቻለኝም። መውጣት የሚሻ ቢኖር በሩ ክፍት ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው ኪንግስ አቦት በምትባል የእንግሊዝ የገጠር መንደር ነው። የሚተርክልን የመንደሩ ሐኪም ዶክተር ሼፐርድ ነው። ባለጸጋው ሮጀር አክሮይድ በማንበቢያ ክፍሉ ተወግቶ ይገኛል። ጥርጣሬው የእንጀራ ልጁ በሆነው በራልፍ ፔተን ላይ ይወድቃል፤ ወጣቱ በዚያው ሌሊት ተሰውሯልና። ከሥራው ተገልሎ በመንደሩ ዱባ ያለማ የነበረው ፖይሮ ጉዳዩን ይይዛል፤ ሐኪሙም የቅርብ ረዳቱ ይሆናል። በመጨረሻ ግን ገዳዩ ያው ረዳት፣ ያው ተራኪ ሆኖ ይገኛል። ባሏን በመርዝ የገደለችን አንዲት ሴት ምስጢርሽን አወጣለሁ እያለ ገንዘቧን ሲግጥ ኖሯል። ሴትዮዋ ራሷን ከማጥፋቷ በፊት ስሙን ጠቅሳ ለአክሮይድ ደብዳቤ ልካ ነበር፤ ሐኪሙም ምስጢሩ ሳይታወቅበት ወዳጁን ገደለ።

የክርክሩ እምብርት አሥር ደቂቃ ናት። ሐኪሙ ሲተርክ ደብዳቤው የመጣው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40 እንደ ነበረ ይነግረናል። ከክፍሉ የወጣው 2 ሰዓት ከ50 ላይ እንደ ሆነም ይነግረናል። በመካከሉ ምን እንዳደረገ አይነግረንም። አንዲት ሐሰተኛ ቃል አልተናገረም፤ ዝም ብሎ አሥሩን ደቂቃ ዘለላት። መጽሐፉን መልሶ የሚያነብ ሰው ክፍተቷን ያገኛታል፤ በመጀመሪያው ንባብ ግን ብዙዎቻችን አናያትም። እኔም አላየኋትም።

የዚህ ዘዴ አመጣጥ ራሱ ከአንባቢ አስተያየት ጋር የተያያዘ ነው። ክሪስቲ በግለ ታሪኳ እንደ ገለጸችው፣ ሐሳቡ የመጣላት የእህቷ ባል የመርማሪው ረዳት ለምን ወንጀለኛ አይሆንም ብሎ ባነሳው ወሬ ነው። ሎርድ ማውንትባተንም ተመሳሳይ ሐሳብ በደብዳቤ ልኮላት ነበር። እንግዲህ አንባቢው በመጽሐፉ ላይ አስተያየት መስጠት የጀመረው መጽሐፉ ሳይጻፍ ነው።

ከታተመ በኋላ ግን ሌሎች አንባብያን ተታለልን አሉ። አቤቱታቸው እንዲህ ነው፦ የምርመራ ልብወለድ በጸሐፊና በአንባቢ መካከል ያለ ውል ነው፤ መርማሪው ያየውን ፍንጭ ሁሉ አንባቢውም ማየት አለበት፤ ተራኪው ራሱ ከደበቀን ግን ውሉ ፈርሷል። ቫን ዳይን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ በ1928፣ ካህኑ ሮናልድ ኖክስ ደግሞ በ1929 ለዚህ ዓይነቱ ልብወለድ ሕግ አወጡ። ኖክስ የመርማሪው ረዳት በአእምሮው የሚመላለሰውን ሐሳብ ከአንባቢ መሰወር እንደሌለበት ደነገገ። በሌላው ወገን ዶሮቲ ሴየርስ ለክሪስቲ ጥብቅና ቆማ፣ ሁሉንም መጠርጠር የአንባቢው ድርሻ ነው አለች። እኔ በዚህ ነጥብ ከሴየርስ ጋር ነኝ። ያልተጻፈ ውል አለ ብሎ የሚከራከር ሰው ውሉን ያነበበው በልማዱ ውስጥ እንጂ በመጽሐፉ ውስጥ አይደለም።

በ1944 አሜሪካዊው ሐያሲ ኤድመንድ ዊልሰን እንዲህ ያለውን ልብወለድ የሚያነብ ሰው ጊዜውን ያባክናል የሚል መጣጥፍ በኒው ዮርከር መጽሔት አወጣ። የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈለት። ጥሩ ጥሩውን አላነበብህም እያሉ መጻሕፍት ጠቆሙት። እርሱም አንዳንዶቹን አነበበና በ1945 ሁለተኛ መጣጥፍ ጻፈ፤ ርእሱም ሮጀር አክሮይድን ማን እንደ ገደለው ማን ደንታ አለው የሚል ነበር። ዊልሰን ትልቅ ሐያሲ ነው። ይሁን እንጂ ያን ሁሉ ደብዳቤ ያስጻፈው ምን እንደ ሆነ ቢመረምር ኖሮ ከመጣጥፎቹ የተሻለ ነገር ያገኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። በ1998 ፈረንሳዊው የሥነ ጽሑፍ መምህር ፒየር ባያር የዊልሰንን ጥያቄ ገልብጦ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈበት። እንደ ባያር ከሆነ ፖይሮ ተሳስቷል፤ ገዳይዋ ወንድሟን ለማዳን ስትል የሐኪሙ እህት ካሮሊን ናት። በ2013 ደግሞ የእንግሊዝ የወንጀል ልብወለድ ጸሐፍት ማኅበር አባላት ይህንኑ መጽሐፍ በዘርፉ ከተጻፉት ሁሉ የላቀ ብለው መረጡት።

እንግዲህ የሩቁ ክርክር ይህን ይመስላል፤ አሁን ወደ ዲላ ልመለስ።

በዚህ ዓመት ከጥቂት ተማሪዎች ጋር መጽሐፉን ከክፍል ሰዓት ውጪ አነበብነው። ንባቡ በእንግሊዝኛ፣ ውይይቱ በአማርኛ፣ ሲግል ደግሞ በጌዴኡፋ ነበር። እኔ የለንደኑ ክርክር ይደገማል ብዬ ጠብቄ የቫን ዳይንንና የኖክስን ሕግጋት አባዝቼ ይዤ ነበር። ወረቀቱ ሳይታደል ቀረ። ተታለልሁ ያለ ተማሪ አልነበረምና።

ከይርጋጨፌ አካባቢ የመጣች አንዲት ተማሪ ምክንያቱን በአጭሩ አስረዳችን። በሶንጎ፣ ማለትም በጌዴኦ ሽማግሎች ሸንጎ፣ ባለጉዳይ ብቻውን ተናግሮ ነገሩ አያልቅም፤ ሌላው ወገን ይደመጣል፤ ሽማግሎቹም እየደጋገሙ ይጠይቃሉ። «ይህ ሐኪም ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ብቻውን ነው የሚያወራው፤ እኔ ገና ሲጀምር ጠርጥሬዋለሁ» አለች። እውነት ትሁን ጉራ አላውቅም፤ ነገር ግን መልሱ ከኖክስ ሕግ ይልቅ ጥልቅ ነው። ለንደን ተራኪውን አምኖ ነው የተጎዳው። ይህች ልጅ ብቻውን የሚናገርን ሰው ከመነሻው አላመነችውም።

ስለ ካሮሊን ብዙ ተሣቀ። ከቤት ሳትወጣ የመንደሩን ወሬ ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት። ክሪስቲ ኋላ የፈጠረቻት መርማሪዋ ሚስ ማርፕል ከእርሷ ሳትወለድ እንዳልቀረች ራሷ ተናግራለች። ቡና በቀን ሦስት ጊዜ በሚጠጣበት አገር ላደጉ ተማሪዎች ካሮሊን እንግዳ አይደለችም፤ ሦስቱንም ስኒ የምታውቃት ጎረቤት ናት። ከመካከላቸው አንዱ ግን ሣቁን የሚያቆም ነገር ተናገረ፦ የሁሉንም ቤት ምስጢር የምታውቀው ሴት፣ ማታ አብሯት ራት የሚበላውን አላወቀችም።

ብርቱው ክርክር የተነሳው በፍጻሜው ላይ ነው። ፖይሮ ገዳዩን ለብቻው አስቀርቶ እውነቱን ይነግረዋል። ነገሩ በማግሥቱ ለፖሊስ እንደሚደርስ ያስታውቀውና፣ ለእህቱ ሲል ሌላ መውጫ እንዳለው ያመለክተዋል፤ በገዛ እጁ እንዲሞት ማለት ነው። ሐኪሙም የመጨረሻውን ምዕራፍ ጽፎ ወደዚያው ይሄዳል፤ ካሮሊን እውነቱን እንዳታውቅ እየተመኘ። የተማሪዎቹ ቁጣ እዚህ ላይ ነው። «ራልፍ ፔተንስ?» አሉ። ያን ሁሉ ጊዜ በነፍሰ ገዳይነት የተጠረጠረው ወጣት ንጹሕነቱ በፖሊስ ዘንድ ይታወቃል፤ የጠረጠሩት ጎረቤቶች ግን የት ተሰብስበው፣ ከማን አፍ ሊሰሙ ነው? ነፍስ ሲጠፋ በጌዴኦና በጉጂ መካከል የሚፈጸመውን የጎንዶሮ ሥርዓት አንድ ተማሪ አነሣ። እዚያ የገዳዩ መታወቅ የነገሩ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ የሁለቱ ወገን መገናኘት፣ መካሱና መንጻቱ ይከተላል። ልብወለዱ ግን የሚዘጋው የእኛ ሽማግሎች ሥራ በሚጀምሩበት ላይ ነው።

እኔ በዚህ አልተስማማሁም፤ ለእነርሱም ነግሬያቸዋለሁ። አንድ መጽሐፍ ባልገባው ቃል አይከሰስም። ደግሞም የማኅበረሰብን ምርመራ ከመጠን በላይ ማሞገስ አያሻም። በቀድሞው አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ይጠየቅ ነበር፤ የቀረ ይቀጣል፤ በግልጽ ለመናገር የፈራ «ወፍ ነገረችኝ» በሚል ሽፋን ይጠቁማል። ብዙ ሥራ ፈትቷል፤ ቂም ያለውም ሰው በወፍ ስም ጠላቱን መጠቆም ይችል ነበር። በሌባ ሻይ ደግሞ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ዕዳውን ይከፍል ነበር። ከዚህ ጎን ሲታይ የበር ቁልፍን፣ የወንበርን ቦታና የሰዓትን ቆጠራ መርምሮ የሚፈርደው ፖይሮ ለንጹሐን ትልቅ ጠበቃ ነው።

ሆኖም ስለ ራልፍ ፔተን የጠየቁትን መልስ አላገኘሁለትም። ከጠያቂዎቹ መካከል በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ሕዝብ ሲፈናቀል ሕፃናት የነበሩ አሉ። በዚያ ወቅት ማን ምን አደረገ የሚለው ወሬ ከአንድ አፍ ብቻ ተሰምቶ ስንት ሰው በሐሰት እንዳስጠረጠረ ከእኔ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። የተጠረጠረ ሰው ስም መቼና በማን ፊት ይመለሳል ብለው ሲጠይቁ ስለ ኪንግስ አቦት ብቻ አልጠየቁም። በለንደኑ ክርክር ባነበብሁት መጠን ራልፍ ፔተንን አስታውሶ የተሟገተለት አላጋጠመኝም፤ እነዚያ አንባብያን የተከራከሩት ስለ ራሳቸው መታለል ነበር።

በውይይቱ ማብቂያ አንዷ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን በዚሁ ጉዳይ ላይ ልትሠራ ጠየቀችኝ፤ የአማርኛ የምርመራ ልብወለዶች በሐሰት የተጠረጠረውን ገጸ ባሕርይ በመጨረሻ ምን ያደርጉታል የሚል ነው። ይሁን ብያታለሁ። አስቸጋሪው መጻሕፍቱን ማግኘት ሆኗል፤ ብዙዎቹ ከገበያ ጠፍተዋል፤ በየቤቱ ካሉትም ሽፋናቸው የተገነጠለ ይበዛል። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል በቤታችሁ ሣጥን ያላችሁ ካላችሁ በውሰት ብትሰጧት በጥንቃቄ እንደምትመልስ እኔ ዋስ ነኝ።

አሁን ወደ ጥያቄ እንለፍ። የመጽሐፉን ፍጻሜ ያልወደደ ሰው ካለ ቅድሚያ ለእርሱ ነው።