በስልክ ገበያ የውኃ ፓምፕ ለምትገዙ አባላት



ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከቀበሌ ሳይወጡ ገንዘብ መላክ የደቂቃ ጉዳይ ሆኗል። የፓምፕ ፎቶና ዋጋም በቴሌግራምና በፌስቡክ እደጃችን ድረስ ይመጣል። ችግሩ፣ ገንዘቡ አንዴ ከተላከ ላኪው በራሱ ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ «ሌላ ገዥ መጥቷል፣ ቀብድ ቶሎ ላክ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ፓምፑ ይቅርባችሁ። በሬ እንኳ ጥርሱ ሳይታይ አይገዛም።

ፎቶ ከሌላ ሰው ሊወሰድ ይችላል። ሻጩ በቪዲዮ ደውሎ ሞተሩን እያስነሳ ያሳያችሁ። ያገለገለ ከሆነ ይህም አይበቃም፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱና ከመነሳቱ በፊት ሞተሩን ዳስሱ። ሞቆ ከጠበቃችሁ እስኪበርድ ቆዩ፤ ሲቀዘቅዝ አልነሳ የሚል ሞተር አስቀድሞ ይሞቅላችኋል። ውኃ ስቦ ሲገፋም በዓይናችሁ እዩ።

ሻጭ የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። ውኃው ከፓምፑ በታች ከ7 ሜትር በላይ ከራቀ፣ ከላይ ተቀምጦ የሚስብ ፓምፕ የፈረስ ጉልበቱ የቱንም ያህል ቢሆን አያወጣውም፤ በደጋ ደግሞ አቅሙ ከዚህም ያንሳል። ሽንኩርት ተክሎ ፓምፕ የቆመበት ገበሬ የበጋውን ምርት ጭምር ያጣል። ጉድጓዳችሁን ሳትለኩ አትደውሉ።

ክፍያው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስልኩ ላይ የሚመጣውን የተቀባይ ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አስተያዩ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። የምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ፤ ለእኔም ቢሆን።

ሦስት አራት ሆናችሁ የምትገዙ ከሆነ አንድ ሰው መርጣችሁ ላኩ፤ የመንገዱን ወጪ ትካፈላላችሁ።