የአልቡሚን ምስክርነት፦ አመልካች ፕሮቲኖችና የጉበት ካንሰር ትንበያ በምዕራብ ጎጃም



የዛሬው ንግግሬ የጉበት ካንሰር በያዘው ሰው ደም ውስጥ የሚገኙ ፕሮቲኖች ስለ በሽታው አካሄድ ምን ሊነግሩን እንደሚችሉ የሚመለከት ነው። ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ነገ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በዙሪያቸው በሚገኙ የጤና ተቋማት ትመደባላችሁ። ስለዚህ ጥያቄውን ከዚያው ልጀምር፦ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ፣ ዐይኑ ቢጫ ሆኖ ከገጠር የመጣ ገበሬ ከፊታችን ሲቀመጥ፣ ከሚለኩት ፕሮቲኖች ለእርሱ ይበልጥ የሚጠቅመው የትኛው ነው?

በመጀመሪያ ስሙ የገነነውን እንመልከት። አልፋ ፌቶፕሮቲን ፅንስ በማኅፀን ሳለ ጉበቱ የሚያመርተው ፕሮቲን ነው፤ ከልደት በኋላ መጠኑ እጅግ ያሽቆለቁላል። እ.ኤ.አ. በ1963 አቤሌቭና ባልደረቦቹ የጉበት ካንሰር ባለባቸው አይጦች፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ታታሪኖቭ በሰዎች ደም ውስጥ ዳግም ሲታይ አገኙት። መጠኑ በሚሊ ሊትር ከ400 ናኖግራም ሲያልፍ ካንሰሩ የሚስፋፋና አካሄዱ የከፋ መሆኑን ብዙ ጊዜ ያመለክታል። ሆኖም ካንሰሩ ካለባቸው ሰዎች ከሦስት አንድ በሚያህሉት ላይ ከፍ አይልም። በእርግዝና ጊዜና ሄፓታይተስ በሚያገረሽበት ወቅት ደግሞ ያለ ካንሰር ይጨምራል።

ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ከጉበት ካንሰር ጋር ያለው ዝምድና የተገለጠው ጎዶሎ ፕሮትሮምቢን ነው። መጨመሩ ካንሰሩ ወደ ፖርታል ደም ሥር ዘልቆ ከመግባቱ ጋር ይያያዛል። የቫይታሚን ኬ እጥረት ባለበት ወይም ዋርፋሪን በሚወስድ ሰው ላይ ግን ሊያሳስት ይችላል።

እነዚህ ሁለቱ የሚናገሩት ስለ ካንሰሩ ነው። የጉበት ካንሰር የያዘው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት በሽታዎችን ተሸክሟል፤ አንደኛው ካንሰሩ ሲሆን ሁለተኛው አስቀድሞ የተጎዳው ጉበት ነው። ሕክምናን የመቻል አቅሙንም ሆነ ቀሪ ዕድሜውን ይህ ሁለተኛው በእጅጉ ይወስነዋል። ስለ እርሱ የሚመሰክረው አልቡሚን ነው።

አልቡሚን የሚሠራው በጉበት ብቻ ነው፤ ጉበት ሲደክም መጠኑ ይወርዳል። ቻይልድና ተርኮት እ.ኤ.አ. በ1964፣ ፒውና ባልደረቦቹም በ1973 ባዘጋጁት መመዘኛ ውስጥ ቦታ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የቀረበው አልቢ የተባለ ስሌት ደግሞ አልቡሚንንና ቢሊሩቢንን ብቻ ይጠይቃል። የቢሊሩቢን ሎጋሪዝም በ0.66 ይባዛል፤ አልቡሚን በ0.085 ተባዝቶ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ቢሊሩቢን በማይክሮሞል በሊትር፣ አልቡሚን በግራም በሊትር መሆን አለበት፤ የላቦራቶሪው መለኪያ ሌላ ከሆነ አስቀድሞ መቀየርን አትዘንጉ።

ለማሳያ ያህል፣ ቢሊሩቢኑ 10፣ አልቡሚኑ 40 የሆነ ሰው ውጤቱ −2.74 ይሆናል። ከ−2.60 ስለማይበልጥ አንደኛ ደረጃ ነው፤ ጉበቱ ገና አቅም አለው። ቢሊሩቢኑ 100፣ አልቡሚኑ 25 የሆነው ግን −0.805 ያገኛል፤ ከ−1.39 በላይ በመሆኑ ሦስተኛ ደረጃ ነው። የሁለቱ ሰዎች አልፋ ፌቶፕሮቲን እኩል ሊሆን ይችላል፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያውን ሳይዘገይ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ መላክ ዕድሜ ሊያስገኝለት ይችላል። ሁለተኛው በሬውን ሸጦ ያንን ሁሉ መንገድ ከመጓዙ በፊት፣ ጉዞው ምን ሊያስገኝለት እንደሚችልና እንደማይችል በእውነትና በርኅራኄ ሊነገረው ይገባል። ሕመሙን ማስታገስ፣ የሆዱን ውኃ ማቅለል፣ ቤተሰቡን ማማከር እዚያው በአቅራቢያው ሊሰጡ የሚገባቸው ሕክምናዎች ናቸው።

ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አልቡሚን በምግብ እጥረት፣ በኩላሊት በሽታና በኢንፌክሽንም ይወርዳል። በደም ውስጥ ግማሽ ዕድሜው 20 ቀን ያህል በመሆኑም የትናንቱን ጉዳት ዛሬ አያሳይም። ስለዚህ ቁጥሩ ከሕመምተኛው ጋር አብሮ ይነበብ እንጂ ብቻውን ፍርድ አይስጥ።

አልቡሚን ስለ ወደፊቱ ብቻ አይናገርም፤ ያለፈውንም ይመዘግባል። ምዕራብ ጎጃም የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው። ሁለቱም በእርጥበት ከተከማቹ አፍላቶክሲን የሚያመነጭ ሻጋታ ሊያበቅሉ ይችላሉ። መርዙ ጉበት ሲደርስ ወደ አደገኛ ውሕድ ይለወጣል፤ ከፊሉ ከዘረ መሉ ጋር ሲጣበቅ ከፊሉ ከአልቡሚን ጋር ይጣመራል። ይህ ጥምረት በልዩ ላቦራቶሪ ሲለካ ሰውየው ባለፉት ሁለትና ሦስት ወራት የበላውን መርዝ ይገልጣል። በሻንጋይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የካንሰሩ ሥጋት አፍላቶክሲን ብቻ ባለበት ሰው 3.4 እጥፍ፣ ሄፓታይተስ ቢ ብቻ ባለበት 7.3 እጥፍ፣ ሁለቱ በተገናኙበት ግን 59.4 እጥፍ ነበር።

ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን እንግዳ አይደለም። ክትባቱ በመደበኛው የሕፃናት መርሐ ግብር የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን በሕፃንነታችን አላገኘነውም። በሕዝቡ ዘንድ ቢጫነት «የወፍ በሽታ» እየተባለ ከሌሊት ወፍ ጋር ሲያያዝ የኖረ በመሆኑ፣ ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚመጡት ከዘገዩ በኋላ ነው።

እንግዲህ ለተማሪዎቼ የምተወው አደራ ይህ ነው። የጉበት ሕመምተኛ ሲገጥማችሁ አልቡሚኑንና ቢሊሩቢኑን ለኩ፤ ደረጃውን በካርዱ ላይ ጻፉ። የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ለሄፓታይተስ ቢ መርምሩ፤ ነፃ የሆኑት ይከተቡ፣ የተያዙት ይታዩ። በቆሎው ወደ ጎተራ የሚገባው ደርቆ መሆኑን ጠይቁ። ለመመረቂያ ጥናት ርእስ የምትሹ ደግሞ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር በሚኖር ሰው አልቡሚን ላይ ምን ያህል አፍላቶክሲን እንደተጣመረ ለኩ። የአባትየው ደም የሚሰጠው ትንበያ ለእርሱ የዘገየ ቢሆን እንኳ ለልጆቹ በጊዜው የደረሰ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።